ሶርሳ ማክሰኞ የዋለበት

ለእህቴ ለእትዬ ጥሩወርቅ፤ ባለሽበት ሁሉ የጌታችን ሰላምና ጸጋ አይለይሽ።

እንደምን ከርመሻል? ጋሼ ዳናስ እንዴት ከረመ? ወገቡን ተሻለው ወይስ ዛሬም አገዳ የሚጭኑትን ሲያይ ልርዳችሁ እያለ ይነሳል? መንታዎቹስ? ባለፈው በስልክ ስናወራ አንደኛዋ ስታስል ሰምቻለሁ፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አልለየሁም። የመተሐራ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እዚህ ዝናቡ ዘግይቷል። ደመናው ዳሞታ ተራራ ላይ ይሰበሰብና ወደ እኛ ሳይወርድ ተበትኖ ይሄዳል። ገበሬው የበቆሎ ዘሩን አዘጋጅቶ ሰማይ ሰማይ ያያል።

እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ሰገነት ደህና ናት። ሰብለ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል፣ ምላሷም እንደዚያው። ቤኒ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው «ሰ» ማለት አቅቶታል፤ እኛ ደግሞ ሆን ብለን ስድሳ ስድስት በል እንለዋለን። ስለ ራሴ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሁልጊዜ የምጽፍልሽ እሱን ስለሆነ እጄ ለምዶታል። ግን ደህና መሆኔን አላውቀውም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ። ጥርስ ሐኪም ጋ መርፌ የተወጋ ሰው ከንፈሩን ሲነካው የሌላ ሰው ከንፈር ይመስለዋል፤ እኔም ሰውነቴ እንደዚያ ሆኖብኛል። እንደዚህ ከሆነ አራት ወር ሊሞላው ነው።

ስለ ሶርሳ በስልክ ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። መጀመሪያ ታሟል አልኩሽ፣ ቀጥሎ ሥራ ቀይሯል አልኩሽ፣ በሦስተኛው መስመሩ ተቆረጠ። መስመሩ አልተቆረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም። ይህንንም ደብዳቤ በፖስታ አልሰደድኩትም፤ ለአገዳ ቆረጣ ወደ እናንተ የሚመጣ የአገራችን የጉኑኖ ሰው በእጁ ይሰጥሻል። ለጋሼ ዳና አንብቢለት፤ ከዚያ በኋላ ምድጃ ውስጥ ይግባ።

የሶርሳን ውለታ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እናታችን የታመመች ጊዜ ከጉኑኖ እስከ ኦቶና ሆስፒታል ቃሬዛውን ከፊት ይዞ የሄደው እሱ ነው። ሌሎቹ እየተፈራረቁ ሲይዙ እሱ እጁን አልለቀቀም። እናታችን ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ዓመት ኖራለች፤ በየዓመቱ ለመስቀል ከሥጋችን መጀመሪያ የሚላከው ለሶርሳ ቤት ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት መሬቱ ለልጆቹ አልበቃ ሲለው ወደ ሶዶ መጣና አብዱሰመድ የሚባል የስልጤ ሰው፣ ጅምላ ነጋዴ፣ የመጋዘን ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። ዕቃ ሲመጣ ያወርዳል፣ ሳይመጣ በሩ ላይ ይቀመጣል። እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። አማርኛው ግን እንደምታውቂው ነው፤ ና፣ ሂድ፣ ጫን፣ አውርድ ከሚለው አልፎ አያውቅም።

ባለፈው ኅዳር ሰባት፣ ማክሰኞ ቀን፣ አረፋ ዋለ። አረፋ ሲመጣ የስልጤና የጉራጌ ነጋዴዎቻችን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። ይህን ሶዶ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ሳምንት ከተማውን ብታስሺው አንድ ኪሎ ሚስማር አታገኚም። ዘንድሮ ግን በዚያው ሳምንት ዓርብ ትልቅ መንፈሳዊ ጉባኤ ሊከፈት ቀጠሮ ተይዞ ነበር። ከየወረዳው አራት ሺህ ሰው ይጠበቃል። ሰብለ ከመዘምራኑ ጋር ናት፤ ሰገነት ቤኒን ይዛ እንግዳ ታስተናግዳለች።

ጉባኤውን ለመጠበቅ ከሌላ ቦታ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከተማችንን አያውቋትም። በክረምቱ ካምፓላ ላይ ኳስ ሲያዩ የነበሩ ሰዎች በቦምብ ስላለቁ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ፈርቶ ነበር፣ እነሱም ፈርተዋል። ታዲያ ጉባኤው ጥቂት ቀን ሲቀረው ሙስሊሞቹ ሱቅ ዘግተው ልጆቻቸውን አሸሹ የሚል ወሬ ደረሳቸው። ሐሙስ ዕለት የአብዱሰመድን መጋዘን ከፍተው ፈተሹ። የተገኘው የሱቅ ዕቃ ነው፤ ጥቅል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ አንድ ካርቶን የግድግዳ ሰዓት፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ላምባ በጀሪካን። ሽቦውና ሰዓቱ ግን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ነበር። አብዱሰመድ ስለሌለ ዘበኛውን ወሰዱት።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ዳይሬክተሩ ጠራኝ። ፍርድ ቤት አልፎ አልፎ ከወላይትኛ ወደ አማርኛ እንደማስተረጉም ታውቂያለሽ፤ ለዚያ ተፈልገሃል አለኝ። ስሙን ወደማልጽፍልሽ ግቢ በመኪና ወሰዱኝ። ሶርሳ እንደሆነ ያወቅኩት በሩ ሲከፈት ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ። አስተማሪ መጣህልኝ አለኝ።

መርማሪው ደገፉ ይባላል። ጭራቅ ነው ብዬ ብጽፍልሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ትሑት ሰው ነው። ሻይ አስመጣልኝ፣ ስለመጣህ አመሰግናለሁ አለኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ የራሱን ሁለት ልጆች ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። አንድ ጊዜ ሌላ ከተማ ቦምብ ፈንድቶ፣ ከተቃጠለ ታክሲ ውስጥ የልጅ ጫማ ማንሳቱን ነገረኝ። እግሩ ጫማው ውስጥ ነበር አለኝ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም። ያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር። አሁን እኔም እንደዚያ ነው የማወራው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። ማክሰኞ ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት የት ነበርክ? ተረጎምኩለት። ሶርሳ ደገፉን ሳይሆን እኔን አየኝ፤ ከዚያ መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ አለ። ደገፉ ግን በሩ ተቆልፎ ማንም እንዳልነበረ ከጎረቤት ሰምቷል። ደግሞ ጠየቀው። ጉኑኖ ለቅሶ ሄጄ ነበር አለ። ጉኑኖ ተደወለ፤ የሞተ ሰው የለም። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ደግሞ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ፣ መርማሪው ሞኝ አልነበረም። ሶርሳ ይዋሽ ነበር። የሚደብቀው ነገር ነበረው። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ አንገቱን ያካል፣ ያን ዕለትም እስኪቀላ ድረስ አክኳል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልጽፍልሽም። የደገፉ ሰዎች እጆቹን ወደ ኋላ አድርገው በሽቦ አሰሩት፤ ከዚያው ከመጋዘኑ በመጣ ሽቦ ነው። ውስጥ እግሩን መቱት። ሲጮህ ደገፉ ምን አለ ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ይላል አልኩት። እሱን ተወው፣ መልሱን ብቻ ተርጉምልኝ አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ጩኸቱን እየሰማሁ መልስ እስኪመጣ እጠብቅ ነበር፤ ፈተና ክፍል እንደሚጠብቅ አስተማሪ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ። እጄን ማጣመሬን ያወቅኩት የእሱን እጆች ሳይ ነው፤ የራሴን ፈታሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ደገፉ አስቆማቸውና ወደ በረንዳው ይዞኝ ወጣ። አዲስ ሻይ ቀረበልን። ላቡን ጠረገ፣ ሰዓቱን አየ። ጉባኤው ስምንት ሰዓት ላይ ይከፈታል አለኝ። ይህ ሰው የሆነ ነገር ይደብቃል፤ እጁ ግን ከዚህ በላይ ታስሮ ከቆየ አይድንም። አንተ ታውቀዋለህ፤ ይዋሻል ወይስ እውነቱን ነው? ይዋሻል አልኩት። ልጆችህ አሁን የት ናቸው አለኝ። ጉባኤው ግቢ አልኩት። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ ብለኸኛል፤ እስቲ አንተ አስላው አለኝ፤ በአንድ በኩል የአንድ ሰው እጅ፣ በሌላ በኩል አራት ሺህ ሰው። ልፍታው ወይስ ልቀጥል?

ቀጥሉ አልኩት።

ማንም አልገረፈኝም። ማንም አላስፈራራኝም። ሻዬ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ሰብለን አሰብኩ፤ ነጭ የመዘምራን ልብሷን ጠዋት ስትተኩስ ጥላው የሄደችውን የካውያ ሽታ አሰብኩ፤ ጫማዋን አሰብኩ። ከዚያ ቃሉ ከአፌ ወጣ፤ ሲወጣም አልከበደኝም። ደገፉ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና አብረን ገባን። ገብቼ ተረጎምኩ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሶርሳ ሁሉንም አመነ። ፈንጂ አለ ወይ ሲባል አዎ አለ። ማን ሰጠህ ሲባል አብዱሰመድ አለ። የት ነው ሲባል ጉኑኖ፣ ገብረሥላሴ ወፍጮ ቤት አለ። ገብረሥላሴን ታስታውሺዋለሽ፤ ልጅ ሆነን እህል ይዘን ስንሄድ ዱቄት በዱቄት የሆነው ቅንድቡ ያስቀን ነበር። በከተማው ያለ ጠባቂ ሁሉ ተጭኖ ወደ ጉኑኖ በረረ። የወፍጮ ቤቱን ወለል ቆፈሩት፣ ድንጋዩን አወለቁት፣ ሽማግሌውን ሦስት ሳምንት አሰሩት። ምንም አልነበረም። ለምን ጉኑኖ አልክ ብዬ በኋላ ሶርሳን ጠይቄዋለሁ። ሩቅ ስለሆነ ነው፤ ሄደው እስኪመለሱ እጄ ያርፋል ብዬ ነው አለኝ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የጉባኤው በር ላይ የቀሩት ደረታቸው ላይ ሪባን ያሰሩ ሁለት አስተናጋጆች ብቻ ነበሩ። እውነተኛ ቦምብ የያዘ ሰው ቢመጣ ኖሮ እንኳን ደህና መጣህ ብለው ወንበር ይሰጡት ነበር። ጉባኤው ስምንት ሰዓት ላይ ተከፈተ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ እጅጌዬ ላይ የጠዋቱ ጠመኔ እንዳለ ነበር። ሰብለ ቆማ ስትዘምር አየኋት። ከእንግዶቹ ጋር የተቀቀለ የቦዬ ሥር በዳጣ ቀረበልኝ። በላሁ። ጥሩ ቦዬ ነበር።

ጉባኤውን ለምን አልበተናችሁትም ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። እኔም ነገሩን ያሰብኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ እያለሁ ነው። አራት ሺህ ሰው ዛሬ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ማለት ይቻል ነበር፤ ለዚያ የሚያስፈልገው አንድ ማይክራፎን ነው። ደገፉ ምናልባት አለቆቹን ፈርቶ ነው፤ እኔ ግን ማንን ፈርቼ እንደሆነ አላውቅም። እጁ ወይስ ሰዉ ብሎ ሲጠይቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ያለ መሰለኝ። ለተማሪዎቼ ጥያቄውን መጀመሪያ ደግማችሁ አንብቡት እያልኩ ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ።

ሌላም ልንገርሽ፤ ካንቺ የምደብቀው የለኝም። ቦምቡ እውነት ቢሆን፣ ሶርሳም የሚያውቅ ቢሆን፣ ተገኝቶም ሰብለ ብትተርፍ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍልሽም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ ተረፈች ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ስለ አንድ ወንጀለኛ እጅ እንቅልፍ አላጣም ነበር። ይህ ትክክል ይሁን ስህተት አላውቅም፤ ስለ ራሴ የማውቀው ይህን ነው። አንዳንድ ቀን ያስፈራኛል፤ አብዛኛውን ቀን ግን ምንም አይሰማኝም።

ከሶርሳ ቀኝ እጅ ሁለት ጣት ሐኪም ቤት ተቆረጠ። አብዱሰመድም አገሩ ስልጤ ተይዞ አርባ ቀን ታስሮ ተፈታ፤ ሱቁን ከፍቷል። ሶርሳ ግን አልተፈታም። ቦምብ አልተገኘም፤ ቃሉ ግን አለ፤ በቃሉ ተከሰሰ። ቃሉ ሦስት ገጽ ነው። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ተጠርጣሪው ቃሉን በነጻ ፈቃዱ ሰጥቷል ይላል፤ ከሥሩ የአስተርጓሚው ስምና ፊርማ አለ። ኤርካሎ የሚለው ፊርማዬ ነው፤ ያው የምታውቂው፣ መጨረሻዋ ላይ ጭራ ያላት። ያን ዓርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የፈረምኩት፤ አላነበብኩትም።

በታኅሣሥ እማማ ጀዋሂር ቤቴ መጡ። የአብዱሰመድ አክስት ናቸው፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው ለአረፋ ከሌሎቹ ጋር አልሄዱም ነበር። ሰገነት ወንበር ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም። ሶርሳ የተመታው ማክሰኞ የት ዋልክ ተብሎ ነው የሚሉት እውነት ነው ወይ አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። እኔ ዘንድ ነው የዋለው አሉ። እንደ እኔ የቀረ ሙስሊም ጎረቤት በጉን አርዶልኝ ሄደ፤ ቆዳ የሚገፍፍልኝ፣ ሥጋውን የሚዘለዝልልኝ ስላጣሁ ሶርሳን አስጠራሁት፤ ጨርሶ ሲነሳ ባዶ አፉን እንዴት ልስደደው፣ ጠብሼ ሰጠሁት፣ በላ። ታዲያ ይህ ምን የሚደበቅ ነገር አለው ልጄ፣ አሉኝ። እስካሁን ለምን አልነገሩም ስላቸው፣ ስለ ሽቦ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ስለ ማክሰኞ ማን ጠየቀኝ አሉ።

እሳቸው አልገባቸውም። እኔ ግን እዚያው በቆምኩበት ገባኝ፤ አንቺም የእኛን ቤት ሥርዓት ስለምታውቂ ሳይገባሽ አይቀርም። አሁን ወጣቶቹ ምንም አይደል ይላሉ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ግን ሙስሊም ያረደውን ሥጋ የበላ አማኝ ዛሬም ከኅብረት ያግዳሉ። ያለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ አንድ ወንድም የጎረቤቱ ሰርግ ላይ በልቶ ስድስት ወር ታግዷል። የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ውሳኔውን ከመድረክ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሶርሳ እንደ ልማዱ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሰምቷል። ሴት ልጁ ደግሞ በጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላት ነበር። አባቷ የታገደባት ልጅ እኛ ዘንድ በቤተ ክርስቲያን አትዳርም።

ደገፉ ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሰው የሚደብቀው ነገር እንዳለ ማየት ይችላል፤ የሚደብቀው ሥጋ ይሁን ቦምብ ግን ፊት ላይ አይጻፍም። እኔ ማወቅ እችል ነበር። ከዚያም የባሰ አለ። ማክሰኞ የት ነበርክ ብሎ የጠየቀው የእኔ አፍ ነው፤ መልሱን የሚሰማውም የእኔ ጆሮ። ለዚያ ነው እኔን እኔን ያየው። የማያውቀው አስተርጓሚ፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው እንኳ ቢሆን፣ እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ሶርሳ በመጀመሪያው ጥያቄ ሥጋ በላሁ ብሎ ይገላገል ነበር። መናገር ሲፈልግ ጊዜው አልፎበታል፤ ጥያቄው የት ነበርክ መሆኑ ቀርቶ የት ደበቅከው ሆኖ ነበር። ሥጋ በላሁ ቢል ለማን መልስ ይሆናል?

በማግስቱ ወህኒ ቤት ሄጄ ጠየቅኩት። ጣት የተቆረጠበትን እጁን ብብቱ ሥር አድርጎ ቆመ። እማማ ጀዋሂር ነገሩኝ ስለው አንገቱን ደፋ። ከዚያ እትዬ፣ ተንበረከከ። በሰው ሁሉ ፊት። እግዚአብሔር የቀጣኝ በዚያ ሥጋ ነው አለኝ፤ ጣቶቼን የወሰደው ሥጋውን የያዝኩባቸው ስለሆኑ ነው አለኝ። ለልጄ ሰርግ ስል በአንተ ፊት ዋሸሁ፤ እንደ ሽማግሌነትህ ይቅር በለኝ አለኝ። አይደለም፣ እንደዚያ አይደለም ልለው ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የምነግረው፤ በረንዳ ላይ በአማርኛ ያልኳትን ቃል። እሱ አልሰማትም፤ ቢሰማትም አይገባውም ነበር። እጄን ራሱ ላይ ጭኜ ጸለይኩለት። ይቅር ተብለሃል አልኩት። አመስግኖኝ ተነሳ።

ልጁ በጥር ተዳረች። እገዳ አልታወጀም፤ እኔ ለሽማግሌዎቹ አልነገርኩምና። ሶርሳ ከወህኒ ቤት ሆኖ በእኔ ቦታ አንተ ቁምልኝ ብሎ ለመነኝ፤ በአባት ቦታ ቆምኩ። ሙሽራዪቱ ጉልበቴን ስማ አለቀሰች፣ ሰዉም አብሯት አለቀሰ፤ እኔ የሰውን ጫማ እያየሁ ነበር። ሰገነት ምን ሆነሃል ብላ ማታውን ጠየቀችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። እስካሁን ያልነገርኳት ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። የሰብለ እናት ስለሆነች ይሆናል፤ ደግ አደረግህ ብትለኝስ?

ነገሩ የሚቆረጠው መጋቢት አምስት፣ የፊታችን ሰኞ ሳምንት ነው። ዐቃቤ ሕግ ቃሉን ያስተረጎመ ብሎ ምስክር አድርጎ ጠርቶኛል። በነጻ ፈቃዱ ሰጥቷል ካልኩ ሶርሳ ብዙ ዓመት ይፈረድበታል፤ ጠበቃው አስራ አምስት ሊደርስ ይችላል ብሎኛል። የለም፣ እጁ በሽቦ ታስሮ ነው፣ ፊርማዬ ውሸት ነው ካልኩ ደግሞ እኔ በሐሰት እጠየቃለሁ። የትምህርት ቤቱን ሥራ አጣለሁ፤ ከዚያ የከፋም ሊመጣ ይችላል። ሁለት ቀን አሰብኩበት ብልሽ ይሻል ነበር፤ እውነቱ ግን አላሰብኩበትም። ገብቼ እናገራለሁ። እንደ ጀግና አትቁጠሪው፤ ሌላውን መናገር አቅም የሚጠይቅ ሆኖብኝ ነው። ሽቦውን እናገራለሁ፣ ፊርማውን እናገራለሁ፣ እማማ ጀዋሂርም በጉን ሊመሰክሩ ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ከታሰርኩ ሰገነትንና ልጆቹን አደራ፤ ቢያንስ ሰብለ ትምህርቷን እስክትጨርስ አንቺ ዘንድ ትሁን፤ ሙቀቱን ትለምደዋለች።

በረንዳ ላይ ያልኩትን ግን ፍርድ ቤት አይጠይቀኝም። ደገፉም ረስቶት ይሆናል። ካልተጠየቅኩ አልናገረውም መሰለኝ። በምድር ላይ የሚያውቀው አሁን አንቺ ነሽ። አይዞህ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ ካለቀስሽም አትንገሪኝ። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፦ ለሶርሳ ልንገረው ወይ? ብነግረው ለእኔ ይቀለኛል፤ እሱ ግን ያን ቀን ከነበረው ሰው ሁሉ የቀረለት እኔ ብቻ ነኝ። እሱን ልውሰድበት ወይ? አንቺ እናታችንን ተክተሽ ያሳደግሽኝ ነሽ፤ የምትይውን አደርጋለሁ።

ሰገነት በጣም ትናፍቅሻለች፣ የላክሽው ነጠላ በልኬ ነው ብላለች። ሰብለ መንታዎቹን ሳሚልኝ ትላለች፤ ለነሱ የጻፈችው መዝሙር ከዚህ ጋር ታጥፏል። ቤኒ ጥርሴ እስኪበቅል ፎቶ አልልክም ብሏል። ለጋሼ ዳና ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡን ይጠብቅ፤ ጎረቤቶቻችሁንም ሁሉ ሰላም በይልኝ። እማማ ጀዋሂርም ያቺ ጥሩ ልጅ ብለው ሰላም ብለውሻል።

ሶርሳም ሰላም ይልሻል። ትናንት ስጠይቀው ለጥሩወርቅ ልትጽፍላት ነው ወይ አለኝ። አዎ ስለው ደስ አለው። እንግዲያው አታስቢ በላት፤ በዚያ ቀን ብቻዬን አልነበርኩም፣ ወንድምሽ አጠገቤ ነበር በላት አለኝ። እሺ አልኩት።

ወንድምሽ ኤርካሎ

ወላይታ ሶዶ
የካቲት ፳፯ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.